ልጃችሁ ማሞቂያ ክፍል ሲገባ፦ የመግቢያ ገደቡንና የስልክ ግንኙነቱን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ወሎ ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የዕድሩ ሰው ፔርሙስና ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ይመጣል። ክርስቲያኑ ሙስሊሙን ይጠይቃል፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን። መቅረት ያስወቅሳል። የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል በር ላይ ሲደረስ ግን ይህ ወግ አይሠራም። «እናት ብቻ ትግባ» ይባላል። አባት ኮሪደር ላይ ይቀራል። አያት ጋቢዋን ተከናንባ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ነው። ልጁ ያለጊዜው ተወልዶ፣ ክብደቱ አንሶ፣ መተንፈስ አቅቶት ወይም ኢንፌክሽን ይዞት ገብቶ ይሆናል። ወላጆቹ ደሴ ወይም ወልዲያ ከተማ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይ ደግሞ ልጁ ከወረዳ ሆስፒታል በሪፈር መጥቶ እናቱ እዚያው ቀርታ ይሆናል። አባትየው ሪያድ ወይም ጅዳ የሆነም ብዙ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንያዝ። እናትና አባት ጠያቂ አይደሉም። የሕክምናው አካል ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ደረጃ 1፦ ክልከላው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

«መግባት አይቻልም» የሚለው ቃል አንድ ቢሆንም ምክንያቱ ብዙ ነው። ምክንያቱን ካወቃችሁ የምትጠይቁትን ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት ኢንፌክሽን ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ቆዳው ስስ ነው፣ የመከላከል አቅሙም ገና አልጠነከረም። ለእናንተ ቀላል ጉንፋን የሆነው ለእሱ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የቦታ ጥበት ነው። ማሞቂያዎቹ ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት፤ በመካከላቸው አንዳንዴ አንድ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ሦስተኛው ሥራ ነው። ሐኪሞች ራውንድ ሲያደርጉ (እየዞሩ ሁሉንም ልጅ ሲያዩ)፣ ነርሶች ፈረቃ ሲረካከቡ፣ ለአንዱ ልጅ የደም ሥር ሲፈለግ ሁሉም ወላጅ ውጡ ይባላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ያልፋል።

ሁሉን አጠቃሎ «ለልጁ ሲባል እናትም ትራቅ» ማለት ግን ዛሬ አያስኬድም። በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተሠርቷል። ከ1 ኪሎ እስከ 1.799 ኪሎ የሚመዝኑ ጨቅላዎችን ሁለት ቦታ ከፈሏቸው። ግማሾቹ ከተወለዱበት ቅጽበት ጀምሮ በእናታቸው ደረት ላይ ሆነው ታከሙ። እናቶቹም ጽኑ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አልጋ ተሰጣቸው። የቀሩት በተለመደው መንገድ እስኪረጋጉ ተለይተው ቆዩ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከእናት ጋር ከነበሩት 12 በመቶ፣ ከተለዩት 15.7 በመቶ ሆኑ። በኢንፌክሽን የተጠረጠሩትም ከእናት ጋር በነበሩት ዘንድ አነሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ምክሩን በዚሁ መሠረት አደሰ። የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ልጁን ራቁት ደረት ላይ አቅፎ ማቆየት፣ ቶሎ ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን፣ ቤተሰብም በእንክብካቤው ይሳተፍ አለ።

ይህን የጻፍኩት በር ላይ ቆማችሁ እንድትከራከሩበት አይደለም። እናቶች የሚተኙበት አልጋ ክፍሉ ውስጥ የሌለው በነርሷ ጥፋት አይደለም። ግን «ብዙ ብገባ ልጄን እጎዳለሁ» ብላችሁ ራሳችሁን አታርቁ። እጇን የታጠበች እናት ለልጇ አደጋ አይደለችም።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያው ቀን ደንቡን በዝርዝር ጠይቁ

ድንጋጤ ላይ ያለ ሰው የተነገረውን አይይዝም። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አንድ ሰው ይጠይቅ። ነርሷን «ሲስተር፣ አንድ ደቂቃ ካለሽ» ብሎ መጀመር ጥሩ ነው። ፈረቃ ሲለዋወጥ አትጠይቁ፣ ትክክለኛ መልስ አታገኙም።

የምትጠይቁት ይህን ነው። እናት በቀን ስንት ጊዜ፣ በየስንት ሰዓቱ ትገባለች? ሌሊትስ? አባት መቼ ይገባል፣ ለምን ያህል ጊዜ? እናት መምጣት ካልቻለች በእሷ ፋንታ ማን ሊገባ ይችላል? ስልክ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ? በስልክ ስለልጁ ሁኔታ የሚነግረን ማን ነው፣ በየትኛው ቁጥር? አስቸኳይ ነገር ቢፈጠር ለማን ነው የምትደውሉት?

በብዙ ክፍሎች እናት የምትገባው በልጁ መመገቢያ ሰዓት ነው፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ። ሰዓቱን ስትጽፉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጡ። ካርዱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈን «8» አይቶ ከቀኑ 8 ሰዓት የመጣ አባት ስድስት ሰዓት አልፎታል።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደግሞ ንቁ። የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። በሪፈር ሲመጣ በችኮላ የአምቡላንስ ሸኚው ቁጥር የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ሁለት ቁጥር አስመዝግቡ፣ አንዱ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ።

ደረጃ 3፦ የሚገባውን ሰው ወስኑ

እናት አጠገቡ ካለች ነገሩ ቀላል ነው። በኦፕሬሽን ከወለደች ግን መነሳት እስክትችል አንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ አባት ይግባ። አይቶ፣ ከተፈቀደለት ፎቶ አንስቶ፣ ወደ አልጋዋ ይመለስ። ተሽከርካሪ ወንበር ካለ «እሷን ገፍቼ ላምጣት?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሰውም።

አራስ ከቤት አትወጣም፣ ብርድ ይመታታል የሚሉ እናቶች ይኖራሉ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጠዋትና ማታ ይቀዘቅዛል፤ ሥጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። መፍትሔው ግን እናትን ማስቀረት ሳይሆን ማልበስ ነው። ካልሲ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ጋቢ። ክፍሉ ውስጥ ስትደርስ ጋቢውን ውጭ ለአያት ትሰጣለች፤ ውስጡ ሞቃት ነው።

እናት በወረዳ ሆስፒታል ከቀረች የመጀመሪያው ሥራ እሷንም ማስመጣት ነው። ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታ ወይም ከወገል ጤና ልጁን ብቻ ጭኖ መምጣት ያስቸግራል፤ ወተቱ እሷ ጋ ነውና። ከመነሳታችሁ በፊት ለእናትየውም የሪፈር ወረቀት ይጻፍ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። የጤና መድን ደብተሩን ይዛችሁ ውጡ። ጭራሽ የማትመጣ ከሆነ አንድ ጤነኛ ሰው ይመደብ፦ አያት፣ አክስት ወይም አባት። ዛሬ አንዷ ነገ ሌላዋ ከሆነ ግን ነርሶቹ ማንን እንደሚያስተምሩ ግራ ይገባቸዋል።

አባት ተቀጣሪ ከሆነ፣ በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ስትወልድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ይሰጠዋል። ሦስት ቀን ለዚህ አይበቃም። አለቃውን አነጋግሮ ከዓመት ፈቃዱ ላይ ቀን ይጨምር፤ ያንንም ካንጋሮ ለሚጀመርበት ሳምንት ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው። ኮሪደር ላይ መቀመጥ ለማንም አይጠቅምም።

ደረጃ 4፦ የተፈቀደላችሁን ሰዓት ተጠቀሙበት

ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ውጭ ይቅር። እጅጌ እስከ ክርን ይጠቅለል። በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ፣ በጣቶች መካከልና ጥፍር ሥርም ጭምር። ውኃ ከሌለ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹ። ጉንፋን፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለባችሁ አትግቡ፤ ለነርሷ ተናግራችሁ ሌላ ሰው ላኩ። አፍራችሁ ደብቃችሁ ከገባችሁ የሚጎዳው ልጃችሁ ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ የተኛውም ነው።

ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ ልጁን እዩት፣ ማሽኑን አትዩ። የሞኒተሩ ቁጥር ከፍ ዝቅ ሲል ልባቸው አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ወላጆች የተፈቀደላቸው ደቂቃ በሙሉ ስክሪን ላይ ያልፋቸዋል። ምን መንካት እንደምትችሉ ጠይቁ። ያለጊዜው የተወለደን ልጅ መደባበስ ያስጨንቀዋል። አንዱን እጅ ጭንቅላቱ ላይ፣ ሌላውን እግሩ ላይ ሳያንቀሳቅሱ ማሳረፍ ይሻላል። ዝቅ ባለ ድምፅ አናግሩት። ዳይፐር መቀየር፣ አፉን መጥረግ፣ ሙቀት መለካት ካስተማሯችሁ እናንተ ሥሩት። እንደምትረዱ የሚያውቁ ነርሶች ቶሎ ያስገቧችኋል፤ ይህ በየትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም፣ ግን እንደዛ ነው።

ቅቤ፣ ስኳር ውኃ፣ ጠበል፣ ማር በኪስ ይዛችሁ አትግቡ። አያቶች በቀና ልብ ነው የሚልኩት፤ ለዚህ ልጅ ግን አንጀቱን ሊጎዳ ይችላል። ጠበሉን እናት ትጠጣ፣ ለልጁ ከመቀባት በፊት ግን ሐኪሙ ይጠየቅ።

ደረጃ 5፦ ወተቱን ላኩ

ከሩቅ ሆኖ ለልጅ መድረስ ሲባል ሰው ቶሎ ስልክ ያስባል። እኔ ግን አንደኛ የማደርገው ወተትን ነው። በር ላይ የቀረች እናት ወተቷ በሩን ያልፋል።

ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማለብ ጀምሩ። ልጁ ገና መጥባት ባይችልም፣ «ምንም አይሰጠው» ቢባልም፣ ጡት የሚሞላው ሲታለብ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱ ሌሊት ይሁን። ጡት ማለቢያ ፓምፕ ከሌለ በእጅ ይቻላል። እጃችሁን ታጠቡ። ጡቱን በሙቅ ጨርቅ አሙቁና በዝግታ እሹት። አውራ ጣት ከጥቁሩ ክብ በላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሥሩ ይሁኑ። ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጣቶቹን ቆዳው ላይ አታንሸራትቱ። ሲደርቅ ጣታችሁን በክቡ ዙሪያ አዙሩና ከሌላ ጎን ቀጥሉ።

በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው እንገር ነው፣ ወፈር ያለና ቢጫ። የሻይ ማንኪያ ካልሞላ አትደንግጡ። ያ ነው መጠኑ። በብርጭቆ ከሆነ ዳር ዳሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ነርሷን ንጹሕ ሲሪንጅ ጠይቁና ጠብታውን ከጡቱ ጫፍ ላይ በእሱ ሳቡ። ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ ይጠቅማል። በአፍንጫ ቱቦ ይሰጠዋል ወይም የአፉን ውስጥ ይቀቡታል።

ዕቃው ላይ የእናት ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። የክፍል ሙቀት ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ ወተቱ 4 ሰዓት ይቆያል። ከሐይቅ ወይም ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ይደርሳል። ግን ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ሚኒባሱም መናኸሪያ ውስጥ እስኪሞላ ይቆማል። በበረዶ የተከበበ ዕቃ ውስጥ ይሁን። ፍሪጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ለታመመ ጨቅላ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ክፍሉ ይንገራችሁ፤ ለጤነኛ ልጅ የሚባለውን አትያዙ።

ከልጇ ርቃ የምታልብ እናት ወተቱ አልወርድ ሲላት የልጁን ፎቶ ስልኳ ላይ ከፍታ ትያዝ። ብዙ እናቶች ይህ ይረዳናል ይላሉ።

ደረጃ 6፦ አንድ ደዋይ መድቡ

አሥር ዘመድ አሥር ጊዜ ከደወለ ነርሷ ስልክ አታነሳም። ልክም ናት። አንድ ሰው ይደውል፣ ለቀሩት እሱ ይንገር።

ደዋዩ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በተነገረው ሰዓት ይደውል። ጠዋት ከራውንድ በኋላ ሲሆን የሐኪሙ አዲስ ውሳኔም አብሮ ይሰማል። ሲጀምር የእናትን ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር ይናገር። «ልጄ እንዴት ነው?» ካለ «ደህና ነው» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ይልቅ እንዲህ ይጠይቅ፦ «ትንፋሹ ዛሬ በምን እየተረዳ ነው፣ በሲፓፕ (በአፍንጫ አየር በግፊት በሚሰጥ መሣሪያ) ነው ወይስ በኦክስጅን ብቻ?» «በየስንት ሰዓቱ ስንት ሚሊ ወተት ወሰደ፣ አስመለሰ ወይ?» «ክብደቱ ስንት ነው?» «ሙቀቱ ስንት ነበር?» «አዲስ የታዘዘ ምርመራ ወይም መድኃኒት አለ?»

ቁጥሩን ለማመዛዘን ይህን ያዙ። የጨቅላ መደበኛ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ «ልጁ እየከሳ ነው» ብላችሁ ለቤተሰብ አታርዱ። ከዚያ በኋላ በካንጋሮ ላይ ያለ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 15 ግራም ያህል እንዲጨምር ይጠበቃል።

አንዳንድ ክፍሎች በስልክ ምንም አይናገሩም። ደዋዩ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ አይችሉም። ያን ጊዜ «አንድ የምስጢር ቃል እንስጣችሁ፣ ይህን ቃል ለሚናገር ብቻ ንገሩ» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተቀበሉ ደዋዩ የሚደውለው ለነርሷ ሳይሆን ልጁ ጋ ለምትገባው እናት ወይም አክስት ይሁን። በተገላቢጦሹ ደግሞ «ከሆስፒታል ነው፣ መድኃኒት በአስቸኳይ ሊገዛ ስለሆነ በቴሌብር ላኩ» የሚል ያልታወቀ ስልክ ከመጣ፣ መጀመሪያ በር ላይ ላለው ሰዋችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ኔትወርክ በወሎ ሁልጊዜ አይታመንም። ኢንተርኔት ጠፍቶ የድምፅ ጥሪ ይሠራል፣ ጥሪውም ቆሞ አጭር መልዕክት ያልፋል። ስለዚህ አጭር መልዕክት የዕለቱ ዘገባችሁ ይሁን፦ «ክብደት 1450። ወተት 12 ሚሊ በየ3 ሰዓት። ኦክስጅን ወጣ። ሙቀት 36.8።» ይቺን መልዕክት ለሁሉም መላክ ይቻላል፣ በቴሌግራም ግሩፕም መለጠፍ ይቻላል። ግሩፑ ውስጥ የሚጽፈው ግን ደዋዩ ብቻ ይሁን። ነገሩ ካልተገደበ እስከ ማታ መቶ የምርቃት ስቲከር ይሞላበታል፣ ዘገባው ከሥሩ ይጠፋል።

ደረጃ 7፦ ዓረብ አገር ያለው አባት

ይህ ለብቻው ደረጃ ሊሆን የሚገባው ነገር ነው። በሌሎች አገሮች አንዳንድ ሆስፒታሎች ከማሞቂያው በላይ ካሜራ ይሰቅላሉ፤ ወላጅ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ልጁን ያያል። እኛ ጋ ካሜራው የእናቲቱ ስልክ ነው፣ ወይም አንዲት ቅን ነርስ።

ሳዑዲና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ቀጠሮ መያዝ አይከብድም። የቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ግን ብዙ ጊዜ አይመከርም። ኢሞው ይቆራረጣል፣ አባት «ይታይሻል? ይሰማሻል?» እያለ ይጮኻል፣ አጠገብ ያሉት ልጆች ይነቃሉ፣ ነርሷም ተቆጥታ ስልኩን ታስወጣለች። ከዚያ ይልቅ ከክፍሉ ፈቃድ ካለ የ20 ወይም የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጾ ከወጡ በኋላ መላክ ይሻላል። ደግሞ ደጋግሞ ያየዋል።

ከአባት ወደ ልጅ ደግሞ የድምፅ መልዕክት ይሂድ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሙዚቃ አይግባበት። ምን ልበል ለሚል አባት፣ ስምህን ንገረው፣ የአያቶቹን ስም ቁጠርለት፣ ዱዓ አድርግለት ወይም መርቀው። እናት ልጁን ደረቷ ላይ ባቀፈችበት ሰዓት ስልኩን በአልኮል ጠርጋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ከጆሮው ራቅ አድርጋ ታሰማዋለች። ስልክ ማሞቂያው ውስጥ አይገባም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል፤ ያ ዝግ ያለ ወሬ ያህል ነው። ድምፁ እስከ ጫፍ የተከፈተ ስልክ ያንን በቀላሉ ያልፋል። ልጁ ፊቱን ካጨማደደ፣ ጣቶቹን ከበተነ፣ ትንፋሹ ከተዛባ በቃው ማለት ነው፣ ዝጉት።

ለፎቶም ሆነ ለቪዲዮ ፍላሽ ይጥፋ። የጎረቤት ማሞቂያ፣ የሌላ እናት ፊት፣ የካርድ ጽሑፍ አይግባ። ነርስን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ደግሞ ከሁሉም በላይ በር ያዘጋል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ፤ ልጁ ራቁቱን በቱቦ ተከቦ ያለበትን ምስል አድጎ ምን ይለው ይሆን? «ዓይን ይገባዋል» ብለው ፎቶ የማይወዱ አያቶችም አሉ። አትጣሏቸው። እግሩን ብቻ አንሱ፣ አባት ያውቀዋል።

ደረጃ 8፦ ጠያቂውን በሥራ ያዙት

«አትምጡ» ማለት በወሎ ነውር ነው። «ሥራ አለላችሁ» ማለት ግን ያስደስታቸዋል። አንዷ ገንፎና አጥሚት ታምጣ፣ አንዱ የላውንደሪ ልብስ ይውሰድ፣ አንዱ ወተት ያመላልስ፣ ሌላው ቤት የቀሩትን ልጆች ያሳድር። ለትልልቆቹ «ልጁ ገና ሰው አይችልም፣ ሐኪም ከልክሏል» በሉ። ሐኪም ላይ ማሳበብ እዚህ ጋ ተገቢ ነው።

ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ወደ ክፍሉ አይገባም። ፎቶ አሳዩት፣ «ቱቦው መተንፈሻው ነው» ብላችሁ ንገሩት፣ ለሕፃኑ ሥዕል ይሣል። ከተፈቀደ ማሞቂያው ውጫዊ ጎን ላይ ይለጠፋል።

ደረጃ 9፦ ገደቡ ልክ ካልመሰላችሁ

በየፈረቃው ደንቡ የሚለያይ ከሆነ፣ ወይም እናት በመመገቢያ ሰዓት ከተከለከለች፣ በር ላይ ከጥበቃው ጋር አትጨቃጨቁ። እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ተረኛ ነርሷን፣ ከዚያ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ፣ ከዚያ ሐኪሙን፣ በመጨረሻ የሆስፒታሉን ቅሬታ ሰሚ አናግሩ። ጥያቄውን ከልጁ ጥቅም ጋር አያይዙት። «ለምን አታስገቡኝም?» ከማለት «ወተቱ እየቀነሰብኝ ነው፣ ማታ አንድ ጊዜ ባቅፈው ይሻለኝ ነበር» ማለት ሰሚ ያገኛል። አባት የቀን ሠራተኛ ሆኖ በመግቢያ ሰዓት መድረስ ካልቻለ ያንንም ተናገሩ።

የልጁ ሁኔታ ከከፋ ግን ሰዓት የሚባል ነገር መነሳት አለበት። አስቀድማችሁ «ቢከፋበት በማንኛውም ሰዓት ጥሩን፣ ሁለታችንም እንግባ» ብላችሁ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ክርስቲያን ቤተሰብ ከሆነ የ40 ወይም የ80 ቀኑ ሳይጠበቅ ለታመመ ሕፃን ጥምቀት ሊደረግ ስለሚችል የንስሐ አባታችሁን በስልክ አነጋግሩ፣ ሐኪሙንም አስፈቅዱ። ሙስሊም ከሆናችሁ አባት ወይም አያት በጆሮው ዝቅ ባለ ድምፅ አዛን ለማለት አምስት ደቂቃ ይጠይቁ። ይህን ከልቡ የሚከለክል ባለሙያ እምብዛም ነው፤ የሚቸግረው ባልታሰበ ሰዓት ሰባት ሰው ይዞ መምጣት ነው።

ደረጃ 10፦ ካንጋሮ ተጀምሮ ቤት እስክትገቡ

ልጁ ሲረጋጋ፣ አንዳንዴም ኦክስጅን ላይ እያለ፣ ካንጋሮ ይጀመራል። ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በእናት ራቁት ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰራል፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ አንገቱ ሳይታጠፍ። በቀን ለረጅም ሰዓት ስለሆነ እናት ለሽንት ስትወጣ፣ ስትበላ፣ ስትተኛ አባት ይተካት። የአባት ደረትም ያሞቃል። ከዚህ በኋላ ስለመግቢያ ገደብ የሚነሳው ጭቅጭቅ በአብዛኛው ያበቃል፤ አቃፊ ሆናችኋልና።

ከመውጣታችሁ በፊት የክፍሉን ስልክ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን በወረቀት ያዙ። ቤት ስትደርሱ ጠያቂው ይጎርፋል፤ እጅ ያልታጠበ አይንካው፣ የሳለ አይቅረበው፣ መሳም ይቆይ። ቡናው ከከሰሉና ከዕጣኑ ጋር ሌላ ክፍል ውስጥ ይፈላ። መጥባት ካቆመ፣ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሲነካ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከ35.5 በታች ከወረደ ወይም 37.5 ከደረሰ፣ የእግሩ መዳፍ ቢጫ ከሆነ ለማንም ሳትደውሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደረታችሁ ላይ አስራችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ውሰዱት። ስልኩን መንገድ ላይ ትደውላላችሁ።